ሣጥኑና በውስጡ ያለው

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ ቤቴ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ 2ኛ ዓመቷን ማጠናቀቋ ነው፤ ፓይተን ተምራለች። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» ብላ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ኮዱ ከአራት መስመር አይበልጥም። በመጀመሪያው መስመር «ሀ» የሚባል ዝርዝር ከፍታ 1፣ 2 እና 3ን አስገብታበታለች። በሁለተኛው «ለ = ሀ» ብላለች። በሦስተኛው ለ ላይ 4ን ጨምራለች። በአራተኛው ሀን አሳየኝ ብላ አዛለች። ኮምፒውተሩም 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ መልሶላታል።

«እኔ የነካሁት ለን ነው፤ ሀ በምን ምክንያት ተቀየረ?»

ክፍል ውስጥም ይህንኑ ጠይቃ ነበር። የተሰጣት መልስ «የፓይተን ጠባይ ነው፤ ኮፒ አድርግ ካላልሽው እንዲህ ያደርጋል» የሚል ነው። ፈተና ላይ እንዳትሳሳት ደብተሯ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋ አስምራበታለች። መልሱ ሐሰት የለበትም። እኔን ያሳዘነኝ ልጅቷ ከዚያ ክፍል ይዛ የወጣችው የአንድ ቋንቋ ጠባይ ብቻ መሆኑ ነው። ጃቫ ስትማር የጃቫን፣ ሲ ስትማር የሲን፣ ጃቫስክሪፕት ስትማር የጃቫስክሪፕትን ጠባይ በቀይ እየጻፈች ልትቀጥል ነው። እንዲህ ያለ ደብተር ማለቂያ የለውም። ሲቪው ላይ ስምንት ቋንቋ ዘርዝሮ፣ ዘጠነኛው ሲመጣበት ግን እንደ አዲስ ፊደል ቆጣሪ የሚሆን ብዙ ወጣት አውቃለሁ። ትጋት አጥተው አይደለም። ቋንቋዎቹ ሁሉ የቆሙባቸውን ጥቂት ሐሳቦች ቁጭ አድርጎ ያሳያቸው ሰው ስላላገኙ ነው።

የእህቴ ልጅ ያነሳችው ጥያቄ ዕድሜው ከእኔም ይበልጣል። ኦገስት 1967፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ዴንማርክ ኮፐንሃገን ውስጥ ለፕሮግራመሮች በተዘጋጀ የበጋ ትምህርት ላይ አንድ እንግሊዛዊ ይህንኑ ጉዳይ ከሥሩ አንስቶ አስተምሮበታል። ክሪስቶፈር ስትራቼይ ይባላል። ስትራቼይ ወደ ኮምፒውተር የመጣው ከመምህርነት ነው። ሃሮው በተባለው ትምህርት ቤት ሲያስተምር በትርፍ ጊዜው ኮምፒውተርን ዳማ የሚያጫውት ፕሮግራም ጻፈ፤ በ1952 ደግሞ በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ማሽን ላይ የፍቅር ደብዳቤ የሚደርስ ሌላ ፕሮግራም ሠራ። በኋላ ኦክስፎርድ ውስጥ የፕሮግራሚንግ ምርምር ቡድን አቋቋመ። የኮፐንሃገኑ ትምህርት ርዕስ «በፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ውስጥ ያሉ መሠረታዊ ፅንሰ ሐሳቦች» ነበር። ማስታወሻው በጊዜው አልታተመም። እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ መጽሔት ላይ የወጣው በ2000 ነው፤ ጸሐፊው ከሞተ 25 ዓመት በኋላ።

ስትራቼይ ትኩረቱን ያሳረፈው ሁሉም ፕሮግራመር በየቀኑ በሚጽፋት ተራ ትዕዛዝ ላይ ነው፤ አንድን ነገር አንድ ስም ውስጥ የማኖር ትዕዛዝ። «ሀ = ሀ + 1» የምትለውን መስመር እንውሰድ። ሒሳብ በደንብ የተማረ የ7ኛ ክፍል ልጅ ይህን ሲያይ ግራ ይገባዋል፤ ልክ ነው፣ ግራ ሊገባውም ይገባል፤ ማንኛውም ቁጥር ከራሱ በ1 አይበልጥምና። መፍትሔው በግራና በቀኝ ያሉት ሁለቱ ሀዎች ፊደላቸው እንጂ ሥራቸው አንድ አለመሆኑ ነው። የቀኙ ሀ የሚጠየቀው «ውስጥህ ምን አለ?» ተብሎ ነው። የግራው የሚጠየቀው «ቦታህ የት ነው?» ተብሎ ነው። ስትራቼይ አንዱን የግራ ዋጋ፣ ሌላውን የቀኝ ዋጋ ብሎ ለያቸው። ዛሬም የሲን ኮድ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ሲቆጣ የሚያወጣው የስህተት መልእክት ላይ እነዚሁ ቃላት አሉ፤ የሚያነባቸው ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከየት እንደመጡ አያውቅም።

ለእህቴ ልጅ ያስረዳኋት በፖስታ ሣጥን ነው። አገራችን ውስጥ ደብዳቤ ለዘመናት የተላከው ለቤት ቁጥር ሳይሆን ለፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ቁጥሩ አንድ ነገር ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠው ደብዳቤ ሌላ ነገር ነው። «ለ = ሀ ስትዪ» አልኳት፣ «ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ገልብጠሽ ሌላ ሣጥን ውስጥ አልከተትሽም። የዚያኑ የሀን ሣጥን ሁለተኛ ቁልፍ ነው ያስቀረጽሽው። ከዚያ በአዲሱ ቁልፍ ከፍተሽ አንድ ደብዳቤ ጨመርሽበት። በአሮጌው ቁልፍ ብትከፍቺ የምታገኚው ምንድነው?»

ትንሽ ዝም ብላ ቆየች። ቀጥላ ያመጣችው ጥያቄ ከመጀመሪያው የበሰለ ነበር። «ታዲያ በቁጥር ለምን እንዲህ አይሆንም? ሀ = 5 ብዬ፣ ለ = ሀ ብዬ፣ ለ ላይ 1 ብጨምር ሀ 5 እንደሆነ ይቀራል።» እውነት ነው። ግን እዚህ ማንም ሣጥን አልከፈተም። 6 የተቀመጠበት ሌላ ሣጥን ተገኘና ለ የድሮውን ቁልፍ ጥሎ የዚያን ቁልፍ ያዘ። ሀ ከነቁልፉ ባለበት አለ። ሣጥኑን ከፍቶ ውስጡን መለወጥና ቁልፉን በሌላ ቁልፍ መተካት ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው፤ ዕለት ዕለት ራስ ከሚያዞሩት ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመጡት እነዚህ ሁለቱ ሲምታቱ ነው።

ከዚያ ያንኑ ኮድ በሲ ፕላስ ፕላስ ጻፍኩላት። ያው ዝርዝር፣ ያው «ለ = ሀ»፣ ያው የ4 መጨመር። ሀን ሳሳያት 1፣ 2፣ 3 ብቻ ሆነ። በዚያ ቋንቋ መደበኛው ዝርዝር ሲመደብ ይዘቱ በሙሉ ይገለበጣል፤ ለ የራሱን ሣጥን ያገኛል። ፊቷ ላይ ያየሁትን ብርሃን እስካሁን አልረሳሁትም። አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ቋንቋ፣ ተቃራኒ መልስ። «የፓይተን ጠባይ» የተባለው ነገር ለካ ቋንቋውን የሠሩ ሰዎች ከሁለት መንገድ አንዱን መርጠው ያደረጉት ውሳኔ ነው፤ ሌሎች ሌላውን መርጠዋል፤ ሁለቱም ምክንያት አላቸው። መገልበጥ ደህንነት ይሰጣል፣ ዝርዝሩ አሥር ሚሊዮን ነገር የያዘ ከሆነ ግን ጊዜና ማኅደረ ትውስታ ይበላል። ቁልፍ ማቀበል ፈጣን ነው፣ ግን ማን መቼ እንደከፈተው ለማወቅ ያስቸግራል። አንድ መምህር በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድን ጥያቄ በሁለት ቋንቋ ቢያሳይ፣ ከአንድ ሴሚስተር የአንድ ቋንቋ ትምህርት ይልቅ ተማሪው ብዙ ያተርፋል ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ቋንቋ አንድ ነገር ልበል። «ሀ = ሀ + 1» የሚለውን በአማርኛ ብንናገረው «ሀ ውስጥ ካለው ላይ 1 ደምረህ ውጤቱን መልሰህ ሀ ውስጥ አኑር» እንላለን። «ካለው» የሚለው ቃል የቀኙን ዋጋ፣ «ውስጥ አኑር» የሚለው የግራውን ቦታ ለይቶ ያስቀምጠዋል። ምልክቱ የደበቀውን ልዩነት ሰዋስዋችን ያወጣዋል። ከዚህም ሌላ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው፤ «3ን እና 4ን ደምር» ይላል፤ መጀመሪያ ዕቃዎቹ፣ በኋላ ድርጊቱ። የጃቫ ፕሮግራም ተተርጉሞ የሚሄድበት ምናባዊ ማሽን ሥራውን የሚያከናውነው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። አንዱን ቁጥር ቁልል ላይ ያስቀምጣል፣ ሁለተኛውን ከላዩ ያስቀምጣል፣ ከዚያ የደምር ትዕዛዝ ሲመጣ ሁለቱን አንስቶ ድምራቸውን ይመልሳል። ፖስትስክሪፕት የተባለው፣ አዶቤ በ1984 ያወጣው የማተሚያ ማሽኖች ቋንቋም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ መምህራን ይህን አሠራር «የተገለበጠ» እያሉ በብዙ ድካም ያስተምሩታል። አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ግን ከእናቱ ጓዳ ይዞት የመጣ ነገር ነው። መምህሩ ይህን ቢነግረው ምንኛ ያቀለዋል!

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ የቤት ሥራ ሰጠኋት። «3 4 ደምር» ሲባል 7 የሚል፣ «3 4 ደምር 2 አባዛ» ሲባል 14 የሚል የራስሽን ትንሽ ቋንቋ ሥሪ አልኳት። ሠላሳ መስመር ያህል ፓይተን ይበቃዋል። ቋንቋን ከውስጥ ለማየት ቋንቋ ከመሥራት የተሻለ መንገድ አላውቅም። አሜሪካ ውስጥ የኤም አይ ቲ መምህራን የነበሩት አቤልሰንና ሰስማን በ1985 ያሳተሙት ዝነኛ የመማሪያ መጽሐፍም ወደ መጨረሻው ሲደርስ ተማሪውን ስኪም በተባለው ቋንቋ የዚያኑ የስኪምን ተርጓሚ ያስጽፈዋል። ዓላማው ተማሪው ቋንቋን ከሰማይ እንደወረደ ሕግ ማየቱን እንዲተው ነው።

ወደ ስትራቼይ ልመለስ። በዚያው ትምህርት ላይ አንድ ትእዛዝ ብዙ ዓይነት ነገሮች ላይ እንዲሠራ የሚያስችሉ ሁለት መንገዶችን ለየ። አንዱን እኛ በየቀኑ እናገኘዋለን። «አለ» ብለን ስንጽፍ «ተናገረ» ማለታችን ነው ወይስ «ይገኛል»? ፊደሉ አንድ ነው፤ ሲነበብ ግን አንዱ ላልቶ፣ ሌላው ጠብቆ ነው። የሚለየው በአካባቢው ባሉት ቃላት ነው። የመደመር ምልክትም በብዙ ቋንቋዎች እንዲሁ ነው፤ በቁጥሮች መካከል ሲገኝ ይደምራል፣ በጽሑፎች መካከል ሲገኝ ይቀጥላል። ምልክቱ አንድ፣ ሥራው ሁለት፣ ዳኛው በዙሪያው ያሉት ነገሮች ዓይነት። ሁለተኛው መንገድ ግን እንደ ታክሲ ሰልፍ ነው። ሰልፉን የሚቆጥር ሰው የተሰለፈው ተማሪ ይሁን ነጋዴ፣ ሽማግሌ ይሁን ሕፃን ግድ የለውም፤ አቆጣጠሩ አይለወጥም። የዝርዝርን ርዝመት የሚቆጥር ፕሮግራምም ውስጡ ቁጥር ይሁን ስም ሳይጠይቅ አንድ ጊዜ ተጽፎ ለሁሉም ሊያገለግል ይገባል። ስትራቼይ ይህን በ1967 ስም ሰጥቶ አስቀመጠው። ኤዲንብራ ውስጥ ሮቢን ሚልነርና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ ኤም ኤል በተባለው ቋንቋ በተግባር አዋሉት። ጃቫ የተቀበለው በ2004 ነው። ጎ የተባለው የጉግል ቋንቋ የጨመረው በማርች 2022። ሐሳቡ ከተሰየመ 55 ዓመት በኋላ ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ «አዲስ ነገር መጣ» ተብሎ ስልጠና የተሰጠበት ሁሉ ያው እሱ ነው።

ፈንክሽንን፣ ማለትም አሠራርን፣ እንደ ማንኛውም ዕቃ ማቀበል መቻልም እንዲሁ ነው። ለጎረቤት አንድ ሰሃን ወጥ መስጠት አንድ ነገር ነው፣ የወጡን አሠራር መስጠት ሌላ። አሠራሩን የተቀበለ ሰው በራሱ ሽንኩርት፣ በራሱ በርበሬ፣ በፈለገው ቀን ይሠራዋል። ስትራቼይ በአልጎል ቋንቋ ውስጥ ቁጥሮች አንደኛ ደረጃ ዜጎች ሲሆኑ አሠራሮች ግን ሁለተኛ ደረጃ ሆነዋል ብሎ ተቸ፤ ቁጥርን ስም ውስጥ ማኖር ይቻላል፣ አሠራርን አይቻልም። ጃቫ ለዚህ ቀጥተኛ የአጻጻፍ መንገድ ያገኘው በ2014 ነው። ሐሳቡን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ያን ጊዜ የሚማረው አዲስ ነገር አጻጻፉን ብቻ ነበር፤ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።

ከላይ ያነሳሁት የነገሮች ዓይነት፣ ታይፕ የሚባለው ጉዳይ፣ ሰፊ ነው። ከላይ ስለ ኮፐንሃገን ስጽፍ «በፈረንጅ አቆጣጠር» የሚል ሐረግ ጣል አድርጌያለሁ። ባላደርግ ኖሮ 1967ን ያየ አንባቢ በልቡ ወደ ዕድገት በኅብረት ዘመቻ ዓመት መሄዱ አይቀርም ነበር። ቁጥሩ ያው 1967 ነው፤ ዓይነቱ ግን ሌላ ነው። አሁን ፕሮግራመሩ ሁለቱንም ዓመት «ቁጥር» በሚል ታይፕ ብቻ ካስቀመጣቸው ማሽኑ አንዱን ከሌላው ያለ ምንም ቅሬታ ይቀንሳል፤ የሚወጣው ዕድሜም በ7 ወይም በ8 ዓመት ይዛባል። «የእኛ ዓመት» እና «የፈረንጅ ዓመት» ተብለው ሁለት የተለያዩ ታይፖች ቢሆኑ ግን ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት «እነዚህ አይቀናነሱም» ብሎ ያቆመዋል። ታይፕን «ኤረር የሚያበዛ ጣጣ» አድርገው የሚያዩ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። እኔ የማየው እንደ ጥሩ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ፋይሉን ሳያጣራ አያሳልፍም።

የኮምፒውተር ሊቁ ቶኒ ሆር በ1965 አልጎል ደብልዩ በተባለው ቋንቋ ላይ ባዶ አመልካችን ሲጨምር፣ ማለትም ምንም ሣጥን የማይከፍት ቁልፍ በእውነተኛ ቁልፍ ቦታ እንዲቀመጥ ሲፈቅድ፣ ይህን ማጣሪያ ነበር ያላላው። በ2009 ለንደን ላይ ራሱ ቆሞ የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ ብሎ ጠራው። ዛሬ የአንድሮይድ መተግበሪያ በሚሠራበት በኮትሊን ቋንቋ ባዶ ሊሆን የሚችልና ሊሆን የማይችል ነገር በታይፕ ተለይተዋል፤ ከታይፑ ስም ኋላ የምትጻፈው የጥያቄ ምልክት ያን ልዩነት ነው የምትናገረው። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አገራችን ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር ይፋ ባደረገችው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ውስጥ የፕሮግራሚንግ መሠረታዊያንና የአንድሮይድ ኮርሶች ተካትተዋል። ያን የሚማር ልጅ የጥያቄ ምልክቷን «ይህ ካልገባ ቀይ መስመር ይወጣል» ብሎ ብቻ እንዳይዛት እመኛለሁ። ከጀርባዋ የቆየ ጸጸትና የቆየ ሐሳብ አለ።

እንዲህ ያሉ ፅንሰ ሐሳቦችን አለማወቅ እኛን በተለየ መንገድ ይጎዳናል። የግዕዝ ፊደል የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በሚመዘግበው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ በተለመደው ዩቲኤፍ 8 አቀማመጥ ግን እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ በማሽኑ ውስጥ 9 ባይት ነው። ፓይተን 3 ርዝመቱን ሲጠየቅ 3 ይላል፤ የሲ የርዝመት መቁጠሪያ 9 ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ አንዱ የቆጠረው ነገሩን፣ ሌላው የቆጠረው ነገሩ የተቀመጠበትን መንገድ ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው የሠራው ቅጽ የአንዲትን እናት ስም መካከል ላይ ይቆርጠዋል፤ የመጨረሻዋ ፊደል ተሰብራ የማይነበብ ምልክት ትሆናለች። ጎ ላይ ደግሞ ከአንድ ጥቅል ውጭ እንዲታይ የሚፈለግ ስም በትልቁ ፊደል መጀመር አለበት። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ «ደምር» የሚል ፈንክሽን መጻፍ ይፈቀዳል፤ ከጥቅሉ መውጣት ግን አይችልም፣ ከፊቱ የላቲን ትልቅ ፊደል ካልተለጠፈለት በቀር። ይህ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ሌላ ፊደል የለመዱ ሰዎች ያደረጉት ውሳኔ ነው፤ ውሳኔ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ሌላ ውሳኔ ሊያስብ የሚችል።

አሁን ኮዱን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጽፍልናል፣ ይህን ሁሉ ምን አደከመን የሚሉ አሉ። የሚጽፈው እውነት ነው። የእህቴን ልጅ አራት መስመሮች ግን እሱም ሊጽፋቸው ይችላል፤ ከመቶ መስመሮች መካከል ሁለት ቁልፍ ለአንድ ሣጥን መቀረጹን አይቶ የሚደነግጥ ዓይን የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

ሐሳብ ከቋንቋ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው። ስትራቼይ ከሌሎች ጋር የነደፈው ሲ ፒ ኤል የተባለ ቋንቋ በታሰበው መልኩ ተጠናቆ ሥራ ላይ አልዋለም። ማርቲን ሪቻርድስ ግን አቅልሎት ቢ ሲ ፒ ኤልን ሠራ፤ ኬን ቶምፕሰን ያን ይበልጥ አሳጥሮ ቢን፤ ዴኒስ ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከቢ ተነስቶ ሲን። የእህቴ ልጅ የምትጠቀምበት ፓይተን የተጻፈው በሲ ነው።

በጥቅምት ደወለችልኝ። ትንሿ ቋንቋዋ «ደምር»ን፣ «አባዛ»ን እና «ቀንስ»ን ታውቃለች፤ «አካፍል» ላይ በዜሮ ሲሆን ምን ትበል የሚለውን ገና አልወሰነችም። የደወለችው ግን ለሌላ ነገር ነበር። ዝርዝር ውስጥ ዝርዝር አስገብታ፣ በቀይ እንደጻፈችው «ኮፒ» ብላ፣ ኮፒው ውስጥ ያለውን የውስጠኛውን ዝርዝር ስትነካ የመጀመሪያው አብሮ ተለወጠባት። ላስረዳት አፌን ስከፍት አስቆመችኝ።

«ቆይ ጋሼ፣ እኔ ልንገርዎት። የገለበጥኩት የውጪውን ሣጥን ነው። ውስጡ የነበረው ግን ደብዳቤ አይደለም፣ የሌላ ሣጥን ቁልፍ ነው።»